ከታሸገ የሕፃን ምግብ ወደ ቤታችን ድስት፦ የ9 ወር ልጄን እንዴት ላሸጋግራት?

የባሕር ዳሯ እናት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የ9 ወር ሴት ልጅ አለችኝ፤ የመጀመሪያ ልጄ ናት። 6 ወር እስኪሞላት ድረስ ጡት ብቻ አጥብቻታለሁ፤ አሁንም ጠዋት፣ ማታና ሌሊት ትጠባለች። ተጨማሪ ምግብ ያስጀመርኳት ግን ውጭ አገር ያለች እህቴ በላከችልኝ በጠርሙስ የታሸገ የሕፃን ምግብ ነበር፤ ፖምና ሙዝ፣ ካሮትና ድንች፣ አልፎ አልፎም ዶሮ ያለበት። እኔ ሥራ ስለምውልና ሞግዚቷም ክዳኑን ከፍታ ማብላት ብቻ ስለሚጠበቅባት ነገሩ ሁላችንንም ቀለለን። የተላከው ሲያልቅ እዚሁ መግዛት ጀመርኩ፤ ዋጋው ከደመወዜ ጋር አልመጣጠን አለኝ፤ ባለፈው ወር ደግሞ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ስላገኘሁት ከዚያ ወዲህ ልቤ አላምን አለ።

አሁን ከቤታችን ምግብ እንድትበላ እፈልጋለሁ። ድንች ቀቅዬ በሹካ ደፍጥጬ ብሰጣት ምላሷን አውጥታ ተፋችው። ከምግቡ ውስጥ ትንሽ ጓል ካጋጠማት ፊቷ ይቀላል፣ ያቅለሸልሻታል፤ ሞግዚቷም እኔም እንደነግጥና ወደ ጠርሙሱ እንመለሳለን። እናቴ ከደጀን መጥታ «እናንተ ከምትበሉት ፍትፍት ጣል ጣል አድርጊላት፤ እናንተም ያደጋችሁት በዚያው ነው» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ በርበሬውንና ጨውን እፈራለሁ። በዚያ ላይ ሁዳዴ ገብቷል፤ ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ስለሆነ እንቁላልና ቅቤ እሳት ላይ አይወጣም። ድስቱ እንዳይገድፍ እናቴ በጣም ትጠነቀቃለች፤ እኔም ላሳዝናት አልፈልግም። ከየት ልጀምር?


የሦስት ልጆች እናት፣ ከቢቸና

እህቴ፣ አይዞሽ። የእኔ ሁለተኛ ልጅ እንዲሁ ለስላሳ ነገር ብቻ ለምዶ ነበር፤ እስከ 11 ወሩ ድረስ በወንፊት አጥልዬ እየሰጠሁት ቆየሁና በኋላ ለማላመድ ሁለት እጥፍ ደከምኩ። ስለዚህ ዛሬውኑ መጀመርሽ መልካም ነው።

እኔን የጠቀመኝ ጠርሙሱን በአንድ ጊዜ መከልከል አልነበረም። ከምትወደው የካሮትና ድንች ጠርሙስ ሦስት ማንኪያ ውሰጂና፣ ቤት የተቀቀለ፣ በሹካ በደንብ የተደፈጠጠ አንድ ማንኪያ ካሮት ጨምሪበት። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ እኩል አድርጊው፤ ከዚያ ቤት የተሠራው ይብዛ። ምላሱ የሚያውቀው ጣዕም ስላለ ልጁ እንደ እንግዳ አያየውም። መፍጫ ማሽን ካለሽ አስቀምጪው፤ ቤት የሠራሽውን እንደ ጠርሙሱ ካላምሽው ድስቱ ተለወጠ እንጂ ልጅቷ ማኘክ አልተማረችም።

ስለ በርበሬው ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው። የእኛ ወጥ ሁሉ በርበሬው ከመግባቱ በፊት አንድ ደረጃ አለው። የምስር ክኩ ተቀቅሎ ሲፈርስ፣ ቁሌቱ ላይ ከመገልበጡ በፊት አንድ ጭልፋ ለልጅቷ ይወጣል፤ ድንች አልጫውም ጨው ከመነስነሱ በፊት እንዲሁ። ለብቻዋ ወጥ ቤት ማቋቋም አያስፈልግሽም። እኛ ቤት «የሕፃኑ ወጥቷል?» ሳይባል ጨው አይነካም ነበር።


የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ

የቢቸናዋ እናት የተናገሩት በሙሉ ትክክል ነው፤ ጥቂት ልጨምርበት።

በመጀመሪያ ስለ ማቅለሽለሹ። ሕፃን ጓል ሲያጋጥመው ምላሱን ወደ ፊት እየገፋ፣ እያሳለና ድምፅ እያሰማ የሚያቅለሸልሸው ሰውነቱ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው፤ ማኘክ ሲለምድ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚያስፈራው መታነቅ ነው፤ የታነቀ ሕፃን ድምፅ አያወጣም፣ ማሳልም ማልቀስም ያቅተዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ይህ ከሆነ ከ1 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በእጅ መዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ በደረቱ መካከል በሁለት ጣት 5 ጊዜ መጫን፣ ይህንኑ እያፈራረቁ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ሞግዚቷ ይህን ሳታውቅ ልጅቷን ለብቻዋ እንድታበላ አይተዉ፤ ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ በአሻንጉሊት ተለማመዱት።

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። እኔ በሥራዬ አዘውትሬ የማየው ስህተት ይህ ነው። የ8 ወር ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ በቀጭን አጥሚት ከሞላነው የሞላነው በውኃ ነው። ምግቡ ማንኪያው ላይ ረግቶ የሚቆም፣ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይፈስ መሆን አለበት። በ9 ወር ልጅዎ ከጡት ሌላ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ስኒ ያህል፣ ማለትም የ250 ሚሊ ሊትሩን ግማሽ፣ ብትበላና በመካከል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ፍራፍሬ ብትቀምስ በቂ ነው።

ሦስተኛው ብረት ነው። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት 6 ወር ገደማ ላይ ይመናመናል፤ የጡት ወተት ደግሞ ብረቱ ጥቂት ነው። «ጤፍ ብረት አለው» የሚለውን ሁላችንም እንሰማለን፤ ነገር ግን ከዚያ ብረት ከፊሉ እህሉ አውድማ ላይ ሲበራይ ከአፈር የሚቀላቀል በመሆኑ፣ በእህሉ ውስጥ ያለውም ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር የተያዘ በመሆኑ፣ ሰውነት እንደ ጉበትና ሥጋ አይጠቀምበትም። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳልና የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። የምስር ክኩ ላይ ቲማቲም ወይም ጥቂት የሎሚ ጭማቂ መጨመር፣ ከምግቡ በኋላ ብርቱካን ወይም ፓፓያ መስጠት ሰውነቷ ብረቱን እንዲወስድ ያግዛል። በተቃራኒው በማንኪያ የሚሰጠው ሻይ ብረቱን ያስርባታልና ከቤታችሁ ልማድ ውስጥ ካለ ይቅር።

ማር 1 ዓመት እስኪሞላት ድረስ በምንም መልኩ አይሰጥ፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ተሕዋስ ለትልቅ ሰው ምንም ባይሆን ለሕፃን አንጀት አደገኛ ነው። የጎጃም ማር ንጹሕ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።


አያት፣ ከዳንግላ (የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። እኔ ስድስት ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ የልጅ ልጆቼንም አቅፌአለሁ። ገንፎ ሲወፍር ሕፃኑ ይታክተዋል፤ ሲቀጥን ደግሞ ባለሙያዋ እንዳለችው አያጠግብም። እኛ ዘንድ ለዚህ ዘዴ አለ። የዳጉሳና የገብስ ዱቄት፣ ጥቂት የባቄላ ክክ ዱቄት ታክሎበት ወፍራም ገንፎ አድርጌ አገነፋለሁ። ከእሳት አውርጄ ጣቴን ሳያቃጥለኝ ሲቀር፣ ለጠላ ካበቀልኩት የገብስ ብቅል የተፈጨ አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጌበት አማስለዋለሁ። ውኃ ጠብ ሳይልበት ዓይኔ እያየ ይላላል፤ ማማሰያው ከብዶት የነበረው ሁሉ ቀልሎ ይዞራል። ሕፃኑም ግጥም አድርጎ ይበላዋል። ታዲያ ጌሾ የነካው ዕቃ አይቅረበው።

አልበላ ካለም በእጅሽ ማጋት ነው። እኛ ሁሉንም ያሳደግነው እያጋትን ነው፤ እምቢ ያለ ሕፃን ሁሉ አልጠገበም ማለት አይደለም፣ ግን ዝም ብሎ አይተውም።


የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ

እማማ፣ ስለ ብቅሉ የነገሩን በሕክምናው ዓለም የተረጋገጠ ነገር ነው፤ በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የገንፎውን ስታርች ይሰባብረዋልና ውኃ ሳይጨመር ይላላል፤ ልጅቷ በዚያችው ግማሽ ስኒ የበለጠ እህል ታገኛለች። እጅግ በሚፋጀው ላይ ከተጨመረ ግን ኢንዛይሙ ይሞታልና አያላላም፤ ስለዚህ የጣትዎ መለኪያ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፦ ብቅሉ ጥሬ ስለሆነ ከላላ በኋላ ገንፎው እንደገና እሳት ላይ ወጥቶ ይፍላ። ሻጋታ የነካው ወይም የጠቆረ ብቅል ደግሞ ለጠላም ለሕፃንም አይሁን።

ስለ ማጋቱ ግን እንድንለያይ ይፍቀዱልኝ። አንገቱ ወደ ኋላ ተይዞ በእጅ የሚጋት ሕፃን ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባና ሳንባው ሊታመም ይችላል። ከዚያም በላይ ምግብና ፍርሃት አንድ ላይ ይለምዱበታል። ሕፃኗ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ አፏን እስክትከፍት ታግሦ መስጠት፤ ፊቷን ካዞረች ማቆምና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና መሞከር። አንድን አዲስ ምግብ ስምንትና አሥር ጊዜ እስኪቀምሱት ድረስ የማይቀበሉ ሕፃናት ብዙ ናቸው።


አያት፣ ከዳንግላ

እኔም ተማርኩ። የመጨረሻዋ የልጅ ልጄ በማንኪያ ነው የምትበላው፤ እናቷ አታስነካኝም።


ዲያቆን፣ ከሞጣ

ስለ ጾሙ የተነሣውን ማለፍ አልቻልኩም፤ በየዓመቱ በሁዳዴ ይህን ጥያቄ እሰማለሁና። ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጾም አይመለከተውም። ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ችግሩ ማወቁ ላይ ሳይሆን ድስቱ ላይ ነው። ጾመኛዋ እናት ዕቃው እንዳይገድፍ ስትል እንቁላል አታበስልም፤ ለአንድ ሕፃን ብላ ቅቤ አታነጥርም፤ ስለዚህ ጾም የሌለበት ሕፃን 55 ቀን ሙሉ ከእናቱ ጋር ይጾማል። ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ ረቡዕና ዓርብን ስትደምሩት ከሕፃኑ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ምን ያህሉ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት እንደሚያልፍ ራሳችሁ ቁጠሩት።

እህቴ፣ ለልጅሽ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለብቻ ግዢ፤ ማጠቢያዋም ለብቻ ይሁን። የፍስክ ዕቃ መሆኗ ለእናትሽ ይነገራቸው፤ ከጾሙ ዕቃ ጋር አትገናኝም፤ የእሳቸውም ጾም አይነካም። እናትሽ ቅር ካላቸው ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ አድርጊ፤ ለሕፃን እንቁላል መቀቀል ጾም እንደማያስገድፍ ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ ልባቸው ያርፋል። በእኔ ቤት እንዲህ ነው የሆነው፤ እናቴ አሁን የልጄን ድስት ራሷ ታጥባለች።


የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ከባለሙያ ይልቅ ከእርስዎ ሲሰሙት ይበልጥ ይቀበሉታል። ጎጃም እህል የተረፈው አገር ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአገር ደረጃ 38 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት የአገራችን ሕፃናት ተመጣጣኝ የሚባለውን ዝቅተኛ የአመጋገብ ደረጃ ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ጎተራው ሞልቶ ሕፃኑ የሚቀነጭረው፣ ሳህኑ ላይ ያለው እህል ብቻ ስለሆነ ነው፤ በእርግጥ የውኃው ንጽሕናና የተቅማጥ በሽታም ድርሻ አላቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከስምንት የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱ በየቀኑ እንዲገኙ ነው፤ የጡት ወተት እንደ አንድ ምድብ ይቆጠራል። ለእርስዎ ልጅ ይህ ሩቅ አይደለም፦ ጡት፣ ከድንች ወይም ከእንጀራ አንዱ፣ የምስር ክክ፣ አስኳሉም ነጩም በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ከካሮትና ከዱባ አንዱ፤ እነሆ አምስት ሆነ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ከጣና የሚወጣ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ አለላችሁ፤ በውኃ ተቀቅሎ፣ እሾሁ በጣት እየተፈተሸ ተለቅሞ፣ ከድንች ጋር ሲደፈጠጥ ከጠርሙሱ ዶሮ የሚያንስበት የለም።


አባት፣ ከፍኖተ ሰላም

የእኛን ልጅ የማበላው ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ነርስ ስለሆነች ተረኛ ታድራለች። ሁለት ነገር ልናገር።

ባለፈው ዓመት ልጃችን 14 ወሩ ሳለ ጎረቤት በፍቅር የሽምብራ ቆሎ አጎረሰችው። ድምፁ ጠፋ። ባለቤቴ ቤት ስለነበረች ገልብጣ መታችውና ወጣለት፤ እኔ ብቻዬን ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ባለሙያዋ «ዛሬ ማታ ተለማመዱ» ያለችውን እንደ ቀላል አትዩት። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ድፍን ሽምብራ፣ ጥሬ ካሮት ለማንም ትንሽ ልጅ አይሆኑም፤ ለጎረቤትም ለዘመድም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ሌላው ጥያቄ ነው። እኛ አካባቢ ግብጦ በየቤቱ አለ፤ ፕሮቲኑ ከፍተኛ ነው ሲሉም እሰማለሁ። ለሕፃኑ ገንፎ ተደባልቆ ከሚፈጨው ምጥን ዱቄት ላይ ቢጨመርስ?


የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ

ግብጦ ፕሮቲኑ እውነት ነው፤ ምሬቱም እውነት ነው። ምሬቱ አልካሎይድ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሆነ ነው አባቶቻችን ከቆሉት ወይም ከቀቀሉት በኋላ ለቀናት ውኃ እየለወጡ የሚነክሩት። ምን ያህሉ እንደወጣ በምላስ ብቻ ስለሚለካ ለሕፃን አይሰጥ። ጓያም እንዲሁ ነው፤ ሽሮ ስታስፈጩ እህሉን ራሳችሁ ልቀሙት፤ ሲዘወተር እግር ሽባ የሚያደርግ እህል ነውና ርካሽ ሽሮ ውስጥ ተደባልቆ እንዳይገባባችሁ። ለምጥኑ አተር፣ ባቄላና ምስር ይበቃሉ።


የባሕር ዳሯ እናት (ጠያቂ)

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የቢቸናዋ እህቴ እንዳለችኝ ጠርሙሱን ከቤቱ ካሮት ጋር ቀላቀልኩት፤ ሁለት ቀን ተፋችው፣ በሦስተኛው ቀን ግማሹን በላች። በሁለተኛው ሳምንት የምስር ክክ በጥቂት የቲማቲም ጭማቂ ሰጠኋት፤ ያን ዕለት ያቅለሸለሻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ታገሥኩና ራሷ አኝካ ዋጠችው። ከመታነቅ ጋር ያለውን ልዩነት ባላውቅ ኖሮ ማንኪያውን ጥዬ እሮጥ ነበር። ሞግዚቷም በአሻንጉሊት ተለማምዳለች፤ አሁን ከእኔ ይልቅ እሷ ረጋ ያለች ናት።

ከእናቴ ጋር የነበረው ነገር አስጨንቆኝ ነበር። የዲያቆኑን ጽሑፍ አነበብኩላት፤ ዝም አለች። በማግስቱ ከቅዳሴ ስትመለስ አንዲት ትንሽ ድስት ከነማማሰያዋ በነጠላዋ ሥር ይዛ መጣችና «ይቺ የልጅቷ ናት፤ ከሌላው ጋር እንዳትቀላቅሉብኝ» አለችን፤ ከመደርደሪያው በታች ለብቻዋ አስቀመጠቻት። እንቁላሉን ራሷ ትቀቅላለች፤ እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ ደውዬ ስጠይቃት «ግማሽ አስኳል በልታለች፤ ነጩን ነገ እንሞክራለን» ትለኛለች።

የዳንግላዋ እማማ፣ ብቅሉን ሞክሬአለሁ፤ መጀመሪያ ገንፎው በጣም ትኩስ ሳለ ጨምሬው ምንም አልሆነልኝም፤ በማግስቱ ጣቴን አስገብቼ ስሠራው እርስዎ እንዳሉት ዓይኔ እያየ ላላ። ከዚያ አፍልቼ ሰጠኋት። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። መብራት ስለሚጠፋ ማቀዝቀዣውን አላምነውም፤ ጠዋት የሠራሁት እስከ ማታ ይቆይ ይሆን?


የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ

በጣም ደስ ብሎኛል። የበሰለው ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በባሕር ዳር ሙቀት ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይበላሻል። መብራቱ የማይታመን ከሆነ ጠዋት ክኩንና ድንቹን ለአንድ ጊዜ በሚሆን መጠን ብቻ አብስሉ፤ ለከሰዓት የሚሆነውን ጥሬውን አጥቦና ልጦ ማዘጋጀት ለሞግዚቷ ሥራውን ያቀልላታል። ማንኪያ ገብቶበት የተረፈውን ደግሞ ለማቆየት አትሞክሩ፤ ምራቅ ነክቶታልና ትልቅ ሰው ይብላው። ከመካከል የሚሰጣት አቮካዶና ሙዝ ልጣጩ እስካልተላጠ ድረስ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም።

9 ወር ስለሞላት የኩፍኝ ክትባቷ ካልተወሰደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቫይታሚን ኤ ጠብታዋንም ይዩላችሁ፤ እግረ መንገዳችሁንም ክብደቷን አስመዝኑ።


የባሕር ዳሯ እናት (ጠያቂ)

ሐሙስ ቀጠሮ አለን። የቀሩትን አራት ጠርሙሶች ለመንገድ ብዬ አስቀምጫለሁ፤ ለፋሲካ ወደ ደጀን ስንሄድ ሁለቱን እንይዛለን፤ እናቴ ግን ትንሿን ድስት ካልያዝን አንሄድም ብላለች።